አዳማ ዳገት ላይ ቤት ልንከራይ ነው፣ ምን ልይ ምን ልጠይቅ?

የሚጡ እናት
ሰላም ጎበዝ እንዴት ዋላችሁ። ባለቤቴ ስራው ወደ አዳማ ስለተዛወረ ከአዲስ አበባ ጠቅልለን ልንገባ ነው፣ የ8 ወር ልጅ አለችን። ሁለት ቅዳሜ ስንዞር ውለን አንድ ቤት አይናችን ገባ፣ ከተማውን ቁልቁል የሚያይ ዳገት ላይ ያለ ጂ ፕላስ 2፣ የሚከራየው ሁለተኛው ፎቅ ነው፣ ሁለት መኝታ፣ ሳሎኑ ሰፊ፣ በረንዳው ላይ ሲቆም ማዶ የነፋስ ተርባይኖቹ ሲሽከረከሩ ይታያሉ። ታች ሙቀቱ ሲያቃጥለን ውለን እዛ ወጥተን ነፋሱ ሲነካን ባለቤቴ ገና ሽንት ቤቱን ሳያይ "በቃ ይሄው ነው" አለ። 16 ሺህ ነው የሚሉት። ፖስታ ቤት አካባቢ ያየነው እኩያው ቤት 21 ሺህ ነው፣ ያውም በጫጫታ። አከራይዋ የ6 ወር ቅድሚያ ይፈልጋሉ፣ ደላላው ደግሞ ዛሬ ካልያዛችሁ ነገ አታገኙትም እያለ በቀን አራት ጊዜ ይደውላል። ዳገት ላይ ኖሬ አላውቅም። በናታችሁ የምታውቁ ንገሩኝ።

ናዝሬት ያደገ
እንኳን ደህና መጣችሁ። የደላላ "ነገ አታገኙትም" እኔ ልጅ ሆኜም ነበረ፣ ቤቶቹም እስከዛሬ አሉ። ደላላው ኮሚሽኑን የሚያገኘው የያዛችሁ ቀን ነው፣ ከዛ በኋላ ቤቱ ቢፈርስም ስልክ አያነሳም፣ ስለዚህ ይደውል ተይው። እኔ የምልሽ አንድ ነገር ነው፣ ያንን ቤት ያያችሁት ቅዳሜ ከሰዓት ፀሐይ ላይ ነው አይደል? ማታ ሂዱ። ውሃ የሚመጣበት ቀን ሂዱ። ዝናብ ጥሎ ያደረ ጠዋት ሂዱ። ዳገት ቤት በሶስቱ ቀን ሶስት ቤት ነው።

ባጃጅ ነጂ
እህቴ እኔ እንደሱ አይነቱን ዳገት በቀን አስር ጊዜ አየዋለሁ አስር ጊዜ ግን አልወጣውም ሃሃሃ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ኮብልስቶኑ እስካለበት ድረስ ማንም ያወጣሻል፣ ኮብልስቶኑ ካለቀ በኋላ ያለው አፈር መንገድ ነው ችግሩ፣ ክላች ይበላል፣ በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ ነው የሚወጣው፣ ሶስት ሰው ከነእቃው ከጫንኩ ደግሞ መሃል ላይ አንዳችሁ ውረዱ ማለቴ አይቀርም። ዝናብ ከጣለ ማንም አይወጣም። ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ የሰፈሩን ስም ስትጠሪለት "ቤንዚን የለኝም" የሚልሽ ብዙ ነው፣ ቤንዚኑ አለ፣ ዳገቱን ነው ያልፈለገው። ባልሽ በኮንትራት የሚመላለስ ከሆነ ሂሳቡን አሁኑኑ ስሩት። በመቶ ብር ወጥቶ በሰማንያ ቢወርድ እንኳ፣ ቁልቁለትም ፍሬን ይበላል እኮ፣ በ26 የስራ ቀን 4680 ብር ነው። ከፖስታ ቤቱ ቤት ላይ ያተረፋችሁት 5 ሺህ እኔ ኪስ ገባ ማለት ነው። ብትመጡ ደስ ይለኛል።

የሚጡ እናት
ሃሃሃ አንተ ሰው አሳቅከኝ ግን ሂሳቡን ለባለቤቴ ሳሳየው ዝም አለ። ውሃ በሚመለከት አከራይዋን ጠይቄያለሁ፣ ውሃ አለ ወይ ስላቸው "አለ" ብለውኛል።

ቧንቧ ሰራተኛው
"አለ" የሚለው ቃል ብዙ ትርጉም አለው እህቴ። መስመር ገብቷል ማለትም አለ ነው፣ ሳምንት አንዴ ሌሊት ያንጠባጥባል ማለትም አለ ነው፣ ጎረቤት ጉድጓድ አለው ማለትም አለ ነው። እኔ አስራ ምናምን አመት በዚህ ስራ ላይ ነኝ፣ የአዳማ ውሃ ከአዋሽ ተጣርቶ ነው የሚመጣው፣ ችግሩ ግን ምንጩ ላይ አይደለም ከፍታው ላይ ነው። ውሃ 10 ሜትር ሽቅብ በወጣ ቁጥር አንድ ባር የሚሆን ግፊት ይቀንሳል። ታች ሰፈር ሶስት ባር ይዞ ቢነሳ 20 ሜትር ከፍ ያለ ዳገት ላይ ሲደርስ የቀረው አንድ ነው፣ እሱም የመንገዱን ልቅሶ ሳንቆጥር። ከዛ ላይ ደግሞ አንቺ ሁለተኛ ፎቅ ነሽ። ታች ያለው ሰው ሁሉ ቧንቧውን ከፍቶ ሮቶውን እየሞላ ባለበት ሰዓት ላንቺ የሚደርስሽ ፊሽ የሚል አየር ነው፣ ታች ሲጠግቡ ነው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የሚመጣልሽ።

ስለዚህ ውሃ አለ ወይ ብለሽ አትጠይቂ። ሮቶው ስንት ሊትር ነው፣ የት ነው የተቀመጠው፣ ለስንት ቤተሰብ ነው፣ መሬት ላይ መቀበያ አለ ወይ፣ ፓምፕ አለ ወይ፣ የፓምፑን መብራት ማን ነው የሚከፍለው በይ። ፓምፑ ደግሞ ከመሬት ታንከር ነው መሳብ ያለበት፣ ከመንገድ መስመር ቀጥታ የሚስብ ከሆነ አንደኛ ክልክል ነው ሁለተኛ መስመሩ በተሰነጠቀበት ሁሉ ቆሻሻ ይዞ ይገባል፣ ህጻን ባለበት ቤት እሱን አልመክርም። አንድ ነገር ልጨምር፣ ሮቶው ጣራ ላይ ከሆነ ጣራውን ተሸክሞ የያዘውን እዪ፣ 2 ሺህ ሊትር ማለት ሁለት ቶን ማለት ነው፣ በእንጨት ርብራብ ላይ ያስቀመጡት አይቼ አውቃለሁ እኔ ስር ቆሜ ልሰራ አልቻልኩም።

ናዝሬት ያደገ
የመንገዱ ልቅሶ ያልከው ነገር ተመቸኝ

ቧንቧ ሰራተኛው
ቧንቧ ውስጥ ሲተሻሽ የሚጠፋው ግፊት ነው እንግዲህ፣ እኛ እንዲህ ነው የምንለው።

አከራይ ነኝ ይቅርታ
ሁላችሁም አከራይን ስታሙ ስላየሁ ልግባ። እኔም ዳገት ላይ ነው ቤቴ፣ ሁለት ቤት አከራያለሁ። ቦቴ ውሃ ሳስመጣ ከታች ሰፈሩ ዋጋ ላይ ተጨማሪ ነው የምከፍለው ምክንያቱም ሾፌሩ "ለዳገቱ" ይላል። አሸዋ ሲመጣልኝ ለዳገቱ። ሽንት ቤት መጣጩ መኪና ሲመጣ ጭራሽ በሩ ድረስ መድረስ ስላልቻለ ቱቦ እየቀጣጠሉ ነው የመጠጡልኝ፣ እሱም ለዳገቱ። ስለ ተከራይ ደግሞ ልንገራችሁ፣ አንዷ ልጅ ውሃ በጠፋበት ቀን የወጥ ቤቱን ቧንቧ ከፍታ ሞከረች፣ የለም፣ ሳትዘጋው ዘመድ ጥየቃ ሄደች፣ ሲንኩ ውስጥ የታጠበ ሳህን ተደርድሯል። ሌሊት ውሃው መጣ። ሳህኑ መውረጃውን ደፍኖት ሲሞላ ሲፈስ አደረ፣ ጠዋት ታች ያሉት ባልና ሚስት ኮርኒሳቸው አልጋቸው ላይ ወርዶ ነው የቀሰቀሰኝ ጩኸታቸው። ኮርኒሱን ማን ያሰራ? የ6 ወር ቅድሚያ የሚጠይቁት ሴትዮ ክፉ ስለሆኑ አይምሰልሽ፣ አንዴ የተቃጠሉ ናቸው።

የሚጡ እናት
ይቅርታ ጋሼ እኔ ማንንም አላማሁም፣ ግን እውነት ለመናገር 96 ሺህ ብር በአንዴ ከየት ይመጣል

ውል አንባቢ
ይሄ የ6 ወር ነገር ላይ ልግባ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ አለ፣ ቁጥር 1320/2016። በአዋጁ መሰረት ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም። ውሉ በጽሑፍ ይሆናል፣ በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል፣ የውሉ ዘመን ደግሞ ከ2 አመት ያነሰ አይሆንም፣ ኪራዩም በባንክ ወይም በሌላ ኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው የሚከፈለው። ቤቱ ያለበትን ወረዳ ሄደሽ ውል የሚመዘገበው የት ነው ብለሽ ጠይቂ፣ ግማሽ ቀን ነው የሚፈጅብሽ። ጋሼን ግን እረዳቸዋለሁ፣ ለጉዳት መያዣ የሚሆን ነገር ከፈለጉ ውሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ፣ ቤቱ ሲገባበት የነበረበት ሁኔታ በፎቶ ይያዝ፣ ኮርኒሱም ሲንኩም። ያኔ ማንም በማንም ላይ አይጮህም።

አከራይ ነኝ ይቅርታ
በፎቶው እስማማለሁ። በ2 አመቱ ላይ ግን ቡና ካልጠጣን አልስማማም።

ጥርሴ ምስክሬ
ስሜን አይታችሁ እንደገባችሁ እኔ የስምጥ ሸለቆ ልጅ ነኝ፣ ስስቅ አፌን በእጄ የምሸፍነው አይን አፋር ሆኜ አይደለም። ከላይ "ጎረቤት ጉድጓድ አለው" የሚል ነገር ስላየሁ ነው የምጽፈው። በኛ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይዱ ብዙ ቦታ ከፍተኛ ነው፣ ከእሳተ ገሞራው ድንጋይ ነው የሚመጣው፣ የአለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፣ ሸለቆው ውስጥ ከዚያ እጥፍ ድርብ የሆኑ ጉድጓዶች አሉ። ጥርስን የሚያበላሸው ደግሞ ጥርሱ ድድ ውስጥ ገና ሲሰራ ነው፣ ማለትም ልክ ያንቺ ልጅ እድሜ ላይ ጀምሮ እስከ 7 እና 8 አመት። እናቴ ነፍሷን ይማረው አፍልታ አፍልታ ነበር የምታጠጣን፣ ማፍላት ጀርሙን ይገድላል እንጂ ፍሎራይዱን አያወጣም፣ ውሃው ሲተን እንዲያውም ይወፍራል። ግቢው የራሱ ጉድጓድ አለው ካሉሽ ለልብስና ለሽንት ቤት ጥሩ ነው፣ ለሚጡ ወተት መበጥበጫና ለመጠጥ ግን የመስመሩን ውሃ ለብቻ በጀሪካን ያዢ።

የሚጡ እናት
እግዜር ይስጥልኝ ይሄን ማንም አልነገረኝም ነበር። ደላላው ስለ ጉድጓዱ የነገረኝ እንደ ትልቅ ጥቅም ነበር "የማይደርቅ ጉድጓድ አለው" ብሎ።

ምጣድ አይበራም
እኔ ደግሞ መብራት። ቆጣሪው የጋራ ከሆነ ተጠንቀቂ። የቤት መብራት ታሪፍ እርከን እርከን ነው፣ ብዙ በተጠቀምሽ ቁጥር የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ ይጨምራል፣ ሶስት ቤተሰብ አንድ ቆጣሪ ላይ ሲሆን ሁላችሁም ተደምራችሁ ውዱ እርከን ላይ ትወጣላችሁ፣ ብቻሽን ብትሆኚ ግማሹን አትከፍይም ነበር። ከዛ ምጣድ፣ አንድ ምጣድ 3 ኪሎ ዋት ተኩል ምናምን ይስባል፣ 16 አምፔር ገደማ መሆኑ ነው፣ ታች ያለችው ጎረቤት ስትጋግር አንቺም ምጣድሽን ከሰካሽ ብሬከሩ ጧ ይላል። እኛ ግቢ በመጨረሻ የጋገራ ፕሮግራም ወጥቶ በር ላይ ተለጥፏል፣ እኔ ማክሰኞና አርብ ነኝ። እንግዳ ሮብ ከመጣ ዳቦ ነው የሚበላው።

ናዝሬት ያደገ
ነፋሱን ማንም አላነሳም። ባልሽ የወደደው ነፋስ እኮ እነዛን ተርባይኖች የሚያዞረው ነፋስ ነው፣ የመጀመሪያው ዙር ብቻ 34 ናቸው ሁለተኛው 102፣ ያንን ሁሉ እዛ ያቆሙት እይታው ስላማረ አይደለም። በበጋ ከምስራቅ በኩል ይነፍሳል፣ አቧራ ይዞ። የመኝታ ቤቱ መስኮት ወዴት ነው የሚያየው? ወደ ምስራቅ ከሆነና አሉሚኒየሙ በደንብ ካልገጠመ ጠዋት ትራሱ ላይ የጭንቅላትሽ ቅርጽ ይታያል በአቧራ የተሳለ። እጅሽን መስኮቱ ጠርዝ ላይ አድርጊና ነፋሱ ይሰማሽ እንደሆን እዪ። ቆርቆሮው የላላ ካለ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ቋ ቋ ቋ ነው ህጻን አያስተኛም። ወባም አለ፣ ከተማው ከ2000 ሜትር በታች ነው፣ ዳገት ላይ ነኝ ነፋስ አለ ብለሽ አጎበር እንዳትተዪ።

ባጃጅ ነጂ
አዳማ ሳይሆን ለምን ናዝሬት ብለህ ተጻፍክ አንተ

ናዝሬት ያደገ
ያደግኩበት ጊዜ ስሙ እሱ ስለነበር ነው ወንድሜ፣ አሁን እርጅናዬ አዳማ ነው። አታጣላኝ።

የሚጡ እናት
ጎበዝ ተመልሻለሁ፣ ረጅም ነው ታገሱኝ። ሐሙስ ለደላላው ሳልነግር ከእህቴ ጋር ሄድኩ፣ አመሻሽ ላይ ዝናብ ጥሎ ነበር። ባጃጁ ኮብልስቶኑ ያለቀበት ቦታ ላይ "እዚህ ጋ ነው አይደል?" ብሎ አወረደን፣ እዚህ ጋ አልነበረም። ሚጡን አዝዬ ወጣሁ፣ ጭቃው እንደ ሳሙና ነው፣ ጫማዬ ሁለቴ ትቶኝ ቀረ። ከፊታችን አንዲት ልጅ ቢጫ ጀሪካን በገመድ ጀርባዋ ላይ አስራ ትወጣለች፣ በየሃያ እርምጃው እየቆመች ጀሪካኑን አጥር ላይ ታስደግፋለች፣ እኔ ልጅ ብቻ አዝዬ ደረስኩባት ግን አላለፍኳትም፣ አብረን አረፍን። የት ነሽ ስላት የኔው ቤት አንደኛ ፎቅ ተከራይ ሆና አገኘኋት።

አስገባችን ቡናም አፈላችልን። ሮቶው አንድ ሺህ ሊትር ነው፣ ለሶስት ቤተሰብ ነው፣ ጣራ ላይ ነው። ቧንቧ ሰራተኛው ያልከውን አስቤ ስንት ቀን ያቆያችኋል አልኳት፣ ሁለት ቀን ካልታጠብን ሶስት አለችኝ። ውሃው የሚመጣው ሳምንት ሁለቴ ሌሊት ነው፣ ነቅታ ጠብቃ በባልዲ ትሞላለች፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የነበሩት ሰዎችም የወጡት በሱ ነው። ላይ ወጥቼ የምንከራየውን ቤት ቧንቧ ከፈትኩት፣ አንዴ ሳለ፣ ከዛ ዝም።

ከጀርባ ደግሞ የድጋፍ ግንቡ ሆዱን ነፍቶ ወደ ግቢው አዘንብሏል፣ ቀዳዳ የሚባል ነገር የለውም፣ ከስሩ ግራጫ ጭቃ እየወጣ ነው። ቅዳሜ ስናየው ልብስ ተሰጥቶበት ነበር ለዛ ነው ያላየነው።

ቧንቧ ሰራተኛው
በቃ ግንቡ ላይ ስትደርሺ እኔ ጨርሻለሁ። የአዳማ ዳገት አፈሩ የእሳተ ገሞራ አመድና ፑሚስ የሚባለው ቀዳዳ ቀዳዳ ድንጋይ ነው፣ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል ይንሸራተታል፣ ግንቡ ላይ ውሃ መተንፈሻ ቀዳዳ ካልተተወ ያ ሁሉ ውሃ ከኋላው ተጠራቅሞ ይገፋዋል። ሆዱን ነፍቷል ማለት እየተገፋ ነው። ክረምቱ ሲገባ የህጻን አልጋ በዛ በኩል ባለ ክፍል እንዳታስቀምጪ ልል ነበር ግን ጭራሽ አትግቢ። ለዛችም ልጅ ንገሪያት።

የሚጡ እናት
ነግሬያታለሁ። "ለአከራይዋ ነግሬ ነበር፣ ሰላሳ አመት የቆመ ነው አሉኝ" አለች። ቤቱ ራሱ ሰላሳ አመት የሚሞላው አይመስለኝም።

አከራይ ነኝ ይቅርታ
ይሄስ አሳፈረኝ። ግንብ ማሰራት ውድ ነው አውቃለሁ ግን ሰው እያኖሩ እንዲህ አይባልም። ልጄ፣ ሌላ ቤት ፈልጊ፣ ዳገቱን ግን ሙሉ በሙሉ አትጥዪው፣ ወገቡ ላይ ፈልጊ። ኮብልስቶኑ ከማለቁ በፊት። ነፋሱም አለ፣ ውሃውም ይሻላል፣ ጎርፉ ግን ከላይ ስለሚመጣ ዲቹ ወዴት እንደሚያልፍ አይተሽ ነው የምትይዢው፣ በበሩ ፊት ካለፈ አይሆንም።

የሚጡ እናት
ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው የምጽፈው፣ ጋሼ ወገቡ ላይ ያሉት ሰራ። አንደኛ ፎቅ ነው፣ 18 ሺህ ተኩል፣ ከኮብልስቶኑ ላይ አርባ እርምጃ ቆጥሬያለሁ። መሬት ላይ 2 ሺህ ሊትር መቀበያ፣ ላይ አንድ ሺህ፣ ለኛ ብቻ፣ ፓምፑ ከመቀበያው ነው የሚስበው፣ ቆጣሪው የግላችን። ሁለት ወር ከፍለን በባንክ፣ ውሉን አስመዝግበናል፣ ግድግዳውን ኮርኒሱን ሲንኩን ፎቶ አንስተን ሁለታችንም ፈርመንበታል፣ ባለቤቱ ሽማግሌ ሰውዬ ናቸው ፎቶ ስናነሳ "ሰርግ መሰለ" አሉ። ተርባይኖቹ ከበረንዳው አይታዩም፣ ከሽንት ቤቷ መስኮት ግን ሁለቱ ይታያሉ፣ ባለቤቴ ገብቶ ሲዘገይ ምን እንደሚያይ አውቃለሁ። መጥፎው ነገር መኝታ ቤቱ ምስራቅ ነው፣ መስኮቱን ሲሊኮን አስደርገንበታል፣ ህዳር ሲመጣ እናያለን። የመጀመሪያው ደላላ አሁንም ይደውላል።

ባጃጅ ነጂ
አርባ እርምጃ ከሆነማ እኔ ነኝ የማመጣሽ፣ ያለ ለዳገቱ።

ላጤው
ሁሉንም አነበብኩት። ያ የላይኛው 16 ሺህ ቤት ተያዘ እንዴ? እይታው አማለለኝ፣ ተደራድሬ 13 ባስገባው ብዬ ነው

ምጣድ አይበራም
ኧረ ይሄ ልጅ ምን ነክቶታል ግንቡ ላይ አልደረስክም?

ላጤው
ደርሻለሁ። በዛ በኩል ያለው መኝታ ቤት ለእቃ ይሆናል፣ እቃ ደግሞ የለኝም።

የሚጡ እናት
ለላጤ አናከራይም ሲሉ ሰምቻለሁ። ደግሞ መጀመሪያ ሐሙስ ማታ ሂድና ቧንቧውን ክፈት።

ላጤው
እህቴ እኔ የምታጠበው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው፣ ያውም ጂም ቤት። አግብቻለሁ ብላቸውስ?